የትልቁ ጎጆ ደበሎ

ባለፈው መስከረም የልጅ ልጄን አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባ በበቅሎ ወሰድኩት። የአዳሪዎቹ ኃላፊ መኝታ ቤቱን አሳየኝ። አልጋው የብረት ነው፤ በየብርድ ልብሱ ጠርዝ የልጁ ስም በቀይ ክር ተጠልፏል። ቀዩን ክር በጣቴ ስዳስስ፣ በልጅነቴ የማውቀው የአንኮበሩ ትልቁ ጎጆ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበር። ከጓሯችን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ትልቁ ጎጆ ነበረ። ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አባቴ ራሱ በተማሪነቱ አድሮበታል፤ ያኔም አርጅቶ ነበር ይለን ነበር። ጣሪያውን ተማሪው በየጊዜው ያለብሰዋል፣ ግድግዳውን ይመርገዋል። ምሰሶው ግን የጥንቱ ነው፤ ተደግፎት ቅኔ የሚቆጥረው ሁሉ በጀርባው አለስልሶት ያብረቀርቅ ነበር። ውስጡ ጥቀርሻ ነው፤ እርጥብ የበግ ለምድና የተቆላ ገብስ ይሸታል። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር። እናቴ ግን ከዚያ በተመለስኩ ቁጥር ቁንጫ ፈርታ ቀሚሴን ታስወልቀኝ ነበር።

ጎጆው የራሱ ሕግ ነበረው። ደበሎ የግል አይደለም፤ አዲስ ገቢ ከቤቱ ለብሶት የመጣውን ሙቅ ለምድ ለታመመ ሰጥቶ አሮጌውን ይለብሳል። ደግሞም ወላጅ ፈልጎ ከመጣ «እዚህ የለም» ይባላል። ለእርሻ ተጎትቶ የሄደ ተማሪ መቼ ይመለሳል! ልጁ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ጓደኞቹ ደጅ ቆመው ይክዳሉ። አባቴም በጊዜው ከዚያ ቆጥ ላይ ሆኖ እናቱን አስመልሷል። ይህን ባጫወተን ቁጥር ይስቅ ነበር፤ እኛም አብረነው እንስቅ ነበር።

አንድ ክረምት ተክሌ የሚባል ልጅ ከመዘዞ ጠፍቶ መጣ። ወፍራም ደበሎ ነበረችው፤ እናቱ አንገትጌዋን በቀይ ቆዳ ጠልፋለታለች። ወዲያው ሳል ለጠናበት፣ ከለሚ ለመጣ ልጅ ተሰጠች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ፣ አንዲት ሴት ዳቦ በጀርባዋ አዝላ አቀበቱን ወጣች። የጎጆው አለቃ፣ ትልቁ ተማሪ፣ ደጅ ተቀበላት።

«ተክሌ የሚባል እዚህ የለም፣ እናቴ። አይተነውም አናውቅ።»

«ልወስደው እኮ አይደለም፣ ልጄ። ዓይኑን አይቼ ልመለስ ነው።»

«የለም አልንሽ እኮ!»

ይህን ሲል የለሚው ልጅ ያችን ደበሎ እንደለበሰ እያሳለ ከጎጆው ወጣ። ሴትዮዋ ቀዩን ጥልፍ አየች። በአገራችን ሰው ሲሞት ልብሱ ለነፍሱ ተብሎ ለተማሪ ይሰጣል። ከጓሯችን አጥር ሥር ሆኜ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ።

«ልጄን የት ቀበራችሁት?»

ያ ሁሉ ቅኔ ዘራፊ ወደ ጎጆው አፈገፈገ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ተክሌን በስሙ እየጠራች ደረቷን ትመታ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አባቴ ከቤት ሮጦ ሲወጣ፣ ከጎጆው በር ጥቀርሻ የለበሰ፣ ቡትቶ ለምድ ያንጠለጠለ ነገር ዱብ አለ። ሴትዮዋ «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

ፊቱን በመዳፏ ጠረገችው። በጥፊ አጮለችው፤ አቀፈችው፤ እንደገና አጮለችው። አባቴ ይቅርታ ሊጠይቃት እግሯ ላይ ሲያጎነብስ ይዛ አስነሳችው።

«የኔታ፣ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። እንግዲህ የናንተ ነው፣ ይማር።»

ዳቦውን ለሁሉም ቆረሰችላቸው። ደበሎዋን ትነጥቃለች ስንል በለሚው ልጅ ትከሻ ላይ ጠበቅ አድርጋ ደረበችለት። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ዞራ አላየችም። አባቴ ግን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተቀመጠ፤ «እናቴም እንዲሁ ወርዳ ነው የቀረችው» አለ። ያን የቆጥ ታሪክ ከዚያ ወዲያ አላጫወተንም። ጎጆውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጅ የመጣበትን ልጅ አልደበቀም።

የንጉሡ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሲዛወር ተማሪው እየተበተነ ሄደ፤ ጎጆውም ፈረሰ፣ ምሰሶውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ዛሬ ወላጅ የልጁን አልጋ ሳይቀር አይቶ ይመለሳል። ደስ ይላል። እኔ ግን ደስታዬን ትቼ የልጅ ልጄን ጥግ ወስጄ «ብርድ ልብስህን ለማንም እንዳትሰጥ!» አልኩት።

ደንግጦ አየኝ። ያለህን አካፍል እያልኩ ያሳደግሁት እኔ ነኛ።

«የበረደው ልጅ ቢኖርስ፣ እማማ?»

ያች የመዘዞ ሴት ደበሎዋን ስትደርብ ታየችኝ።

«እንግዲያስ ስጠው» አልኩት። «እኔ በምመጣበት ቀን ግን በሩ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ።»