የጌትነትን ኢሜይል ለመክፈት ወደ ሞጣ

ከቢቸና የተነሣሁት ኅዳር ገብቶ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ማለዳ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አይቶ «ለቅሶ ነው እህቴ?» አለኝ። ኢሜይል ልከፍት ነው ብለው ስለማያምነኝ «አዎ» አልኩት። ደግሞም ውሸት አልነበረም።

ጌትነት የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። ሞጣ ላይ ከአባቱ ከጋሼ ይሁኔ ጋር ማር ይነግድ ነበር። ቢቸና በእኔ ኮምፒውተር ቤት ተቀምጠን በአባቱ ስም ዶሜይን፣ ማለትም የራሳቸውን የኢንተርኔት አድራሻ አስመዘገብን፤ የሩቅ ደንበኞች የሚጽፉለት በዚያ ኢሜይል ነበር። መስከረም ላይ ማር ሊገዛ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ አልዳነም።

አርባው እንደወጣ እኅቱ ሰላም ደወለችልኝ። የማር ወቅት ደርሷል፤ ደንበኞች የሚልኩት ኢሜይል ግን «አልደረሰም» እየተባለ ይመለስባቸዋል። «አባዬ ደግሞ የወንድሜን ደብዳቤዎች ካላየሁ ብሏል» አለችኝ።

ደብረ ወርቅ

እስከ ደብረ ወርቅ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል፤ በስተግራ ጮቄ ደመና ለብሷል። መኪናው ሰው እስኪሞላ ሻይ በትኩስ ዳቦ በላን። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠይቀው ስነግራቸው፣ «ወጉ ልጅ አባቱን ሲቀብር ነበር» አሉ።

ሞጣ

የጋሼ ይሁኔ ግቢ የማር ባልዲ ሞልቶታል፤ ቤቱ ሰም ሰም ይሸታል። ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ከስተዋል። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ስላቸው «አሜን» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ሰላም የጌትነትን ስልክ ከሣጥን አወጣች። አባትዬው አርባው እስኪወጣ ከሟች ዕቃ ምንም እንዳይነካ ብለው፣ ስልኩ ተዘግቶ ከልብሱ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰክተን ስናበራው መልእክቱ ይንጫጫ ጀመር። ኢሜይላቸውን የሚያስተናግደው ድርጅት ውሉ እንዲታደስ አስታውሷል፣ ደግሞ አስጠንቅቋል፣ በመጨረሻም የኢሜይል ሳጥኑን ሰርዞታል።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

ነገርኳቸው።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«የሉም ጋሼ። ጠፍተዋል።»

«እኔ ነኝ አትንኩ ያልኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ለክብሩ ብዬ ነበር።»

ሰላም ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

ዶሜይኑን የማስተዳድረው እኔም ስለነበርኩ እሱ አልጠፋም። ከሌላ ድርጅት ጋር አዲስ የኢሜይል አገልግሎት ከፈትኩ። ዶሜይኑ የእኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ የሰጡኝን ኮድ አስገባሁ፤ ደብዳቤው ወዴት ይሂድ የሚለውን መዝገብም ወደ አዲሱ ቀየርኩት። ከዚያ ለውጡ እስኪሠራ መጠበቅ ነው። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ በስልኬ ቀጠልኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እያልኩ እያንዳንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ አየሁ።

የሰላምን የኢሜይል ሳጥን ከፈትኩላት። ዶሜይኑ የአባቷ ስም ስለሆነ አድራሻዋ ሲነበብ ልክ እንደ መጠሪያዋ ነው፦ መጀመሪያ ሰላም፣ ቀጥሎ ይሁኔ። ለጌትነት የሚጻፈው ደግሞ ወደ እሷ እንዲዛወር ላደርግ ስል ጋሼ ጠጋ አሉ።

«የጌትነትስ?»

«ለሱ የሚመጣውን ሰላም ታየዋለች።»

«ከስሜ አወጣችሁት ማለት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ግን የሚጠቀምበት ሰው ሳይኖር . . .»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም? ክፈችለት፣ ልጄ።»

ከፈትኩለት። በጌትነት ስልክ ላይም ጫንኩት። «ለእርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ የሁለቱም መጨረሻ ላይ አለሁ።»

አመሻሽ ላይ መሥራቱን ለማየት ከራሴ ስልክ ለጌትነት ላክሁ። ጋሼ እጅ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ደነገጡ። መነጽራቸውን አድርገው «ሙከራ» የሚለውን ቃል አነበቡ።

«ሌላ ነገር ብትጽፊለት ምን ነበረበት?» አሉ።

መልስ

በማግሥቱ ዳቦ በማር አብልተው፣ አንድ ማሰሮ ማር አሸክመው ሸኙኝ። ማሰሮው እንዳይሰበር ጭኔ ላይ አቅፌው ተጓዝኩ። ለብዙ ሰው ኢሜይል ከፍቻለሁ፤ ተጠቃሚው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ስሞላ በሕይወት ስላለ ሰው ብቻ የሚጠየቅ ይመስለኝ ነበር። ሞጣ እንዳልሆነ አስተማረችኝ፤ ትምህርቱ ግን አላጽናናኝም። የጓደኛዬን አዲስ አድራሻ ሠርቼ ስመለስ፣ መሞቱን ያመንኩት ያኔ ነው።

ቢቸና ገብቼ የሱቄን በር ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ላኪው ጌትነት ይሁኔ ይላል። ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስከፍተው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ልጄ በሰላም ገባሽ ወይ»።

«ገብቻለሁ ጋሼ» ብዬ መለስኩ። ከሥሩ ደግሞ «ጌትነት፣ ናፍቀኸናል» ብዬ ጨመርኩና ላክሁት።