የአደሎ ማር

ባለፈው እሁድ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጄ እሾኹ የተለቀመላትን ዓሣ ልትጎርስ እጇን ዘረጋችና ቀና ብላ እናቷን አየች። እናቷ ዓሣ አትወድም፤ ፊቷን አጨማዳ ነበር። ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አደሎ ትዝ አለኝና አልሳቅሁም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ባዮሎጂ እንዳስተምር ከደብረ ብርሃን ወደ ከፋ ተመደብሁ። ከቦንጋ ዋጫ የደረስሁት በጭነት መኪና ላይ፣ በዝናብና በጭቃ፣ ኮረሪማ ከሞላበት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የተከራየሁት እትዬ አስካለ ግቢ ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ ቆጮ በጎመን መብላት ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አስለምደውኛል። በጫካው ዳር በአደን፣ በከሰልና በማር የሚኖሩ ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከሰል ይዘው ሲመጡ እትዬ አስካለ ከአጥር ውጭ ያቆሟቸዋል። ውሃ ከጠየቁ በኮባ ቅጠል ያጠጧቸውና ቅጠሉን ፊታቸውን አጨማደው ያስጥሉታል።

"ይሄማ ነውር ነው፣ እትዬ" አልኳቸው በመጀመሪያው ወር።

"የዱር አሳማ ይበላሉ እኮ፣ ልጄ። ቆይ፣ ትለምደዋለህ።"

ለመድሁ።

አደሎ ከማንጆ ልጆች እኔ የማስተምረው ክፍል የደረሰ ብቸኛው ነበር። ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ከኋላ ወንበር ብቻውን ይቀመጣል። አባቱ መምህር እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። አንድ ቀን ስለ አዝጋሚ ለውጥ ሳስተምር፣ ባነበብሁት ትንሽ ልኩራራ ፈለግሁ። "መጸየፍ ተፈጥሮ ያወረሰችን ጠባቂ ነው" አልሁ። "የበሰበሰ ሥጋ የተጸየፉ ቀደምቶቻችን ተረፉ፤ እኛ የእነሱ ልጆች ነን።"

አደሎ እጁን አወጣ። "መምህር፣ እኛን የሚጸየፉንስ? እሱም ተፈጥሮ ነው?"

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን የሀገሬውን ወላጆች ፈራሁ፤ አዋቂ መምሰልም አማረኝ። "ስሜቱ ተፈጥሯዊ ነው" ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ "በቃ፣ ሳይንስም መሰከረ" ሲል ሳቁ ከጀርባዬ ተሰማኝ።

በሳምንቱ አደሎ በቅል ማር ይዞ ደጄ ቆመ። "አባቴ ነው የላከልዎት። ይቅመሱ፣ መምህር።"

የዛፍ ማር ነው፤ ሽታው ከሩቅ ያውዳል። እጄን ላነሳ ሞከርሁ። ፊቴ ሳላስበው ተጨማደደ። "በኋላ እቀምሰዋለሁ" አልሁ፣ ቅሉን እንኳ ሳልቀበለው።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። "ግድ የለም፣ መምህር። ተፈጥሮ ነው ብለውናል" አለና ማሩን ይዞ ሄደ። ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ እኔም ፈልጌው አልሄድሁም።

ደብረ ብርሃን ሳለሁ ማንጆ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከዓመት በፊት ቢሆን ያንን ማር ጣቴን እየላስሁ እጨርሰው ነበር። መጸየፍን ተፈጥሮ ሰጥታኝ ይሆናል፤ ማንን እንደምጸየፍ ግን ከእትዬ አስካለ ፊት ነው የተማርሁት፣ ያውም ዓመት ባልሞላ ጊዜ። የአደሎ ጥያቄ መልስ በገዛ ፊቴ ላይ ነበር። እፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እሁድ ዕለት ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁና ከዓሣው ጎርሼ እያጣጣምሁ ፈገግ አልሁላት። ፊቴን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ በላች። ይኸው ነበር እንግዲህ። አደሎ በጠየቀኝ ቀንም ክፍል ሙሉ ልጅ ፊቴን እያየ ነበር፤ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ።