በቀይ ክር የታሰረው ሳንዱች

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ገጠመኝ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ተበዳይ ነው። በኔ ታሪክ ግን በዳይዋ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አነስተኛ ሳንዱች ቤት አለኝ። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የጁስ መፍጫ፣ አንድ የከሰል ምድጃና ጥርጣሬ የማያጣው ጭንቅላት ይዤ ነው የምሠራው። እናቴ "ሙሉ የገዛ ጥላዋንም 'ምን ፈልገህ ነው የምትከተለኝ?' ትላለች" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ሳንዱች የሚል ስም ሰምቼ አላውቅም። ዳቦ ይሰነጠቅና አዋዜ ይቀባል፤ ስሙም ዳቦ ባዋዜ ነው፤ አበቃ። እንቁላል ከገባበት እንግዳ መጥቷል ማለት ነው። የስሙን ታሪክ የነገረችኝ ቤዛ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛዬ ናት። አንድ የእንግሊዝ ባላባት የካርታ ጨዋታ ይዞት ከጠረጴዛው አልነሳም ሲል ሥጋውን በሁለት ዳቦ መሃል አድርገው አመጡለት፤ ስሙም ከሱ ቀረ አለችኝ። "እኛ አገር ቢሆን ሚስቱ ካርታውን ነበር በዳቦ መሃል አድርጋ የምታበላው" አልኳት።

ከሳንዱቹ ጋር የሚጠጣውንም ብዙ ጊዜ የምመርጥላቸው እኔ ነኝ። ለእንቁላል ሳንዱች ቅርንፉድ የገባበት ትኩስ ሻይ፣ ለአትክልቱ ስፕሪስ። እንቁላል በልቶ በላዩ ለስላሳ የሚያዘኝን "ሆድህ የራስህ ነው" ብዬ እሰጠዋለሁ።

ጾም ሲገባ ግን ገበያዬ ይሞታል። ድንችና ቲማቲም በዳቦ ማንም በቤቱ ይሠራዋል። ያን ዓመት ደግሞ ከሌላው ጊዜ የባሰ ሆነብኝ። ጾሙን ምክንያት ማድረግ ሲገባኝ ዓይኔ መንገድ ተሻግሮ ሄደ።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ ትብለጥ የሚባሉ ሴት ቤት ከተከራዩ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳ ቢሆን ነው። የመጡት ከደብረ ወርቅ በኩል ነው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ጥቁር ለብሰዋል። ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው በቀይ ክር የነጠላ ጥለት ይጠልፋሉ። ወሬ አያበዙም። የሚገርመው፣ ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ገብተው ቶሎ ይወጣሉ። ሲወጡም ቦርሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይከታሉ።

አጠገቤ ጸጉር ቤት ያላት ባንቺ የምትባል ጎረቤቴ ነገሩን ቀድማኝ ፈታችው።

"ባሏ ደብተራ ነበር አሉ። እሷም አዋቂ ሳትሆን አትቀርም። ተማሪዎቹ የሚመላለሱት ለፈተና ነው" አለችኝ።

"ለፈተናማ ጥናት አለ አይደል?"

"እሺ፣ ላንቺስ? እሷ ከመጣች ወዲህ ስንት ሰው ገባልሽ?"

የገባውን ሰው በልቤ ቆጠርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ትብለጥ "እንደምን አደርሽ" ሲሉኝ የምመልሰው ከአንገት በላይ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴን ልከፍት ስመጣ፣ ልክ ደፉ ላይ በቅጠል የተሸፈነ ነገር አየሁ። ቅጠሉን በእንጨት ገለጥኩት። ለሁለት የተሰነጠቀ ዳቦ ነው። ዙሪያውን በቀይ ክር ታስሯል። ከመሃሉ ጥቁር ነገር ይታያል። አጠገቡ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ ውስጡ ዝልግልግ ያለ ቡናማ ፈሳሽ ነው።

ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደፍ ላይ ያስቀመጠው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አይነገረውም። አይረገጥም፣ አይሻገሩትም፣ በእጅ አይነኩትም። ክሩ ደግሞ ቀይ ነው።

ባንቺን ጠራኋት። ሻሿን እንዳሰረች መጥታ አየችና ሦስት ጊዜ አማተበች።

"ገበያሽን አስራብሻለች። ክሩን አታይም?" አለችኝ።

ምድጃዬን መንገድ ዳር አውጥቼ ከሰል አቀጣጠልኩ። ከቤት ጸበል አምጥቼ ረጨሁ። ጠርሙሱን በአካፋ ገፍቼ ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ዳቦውንም በአካፋ አንስቼ እሳቱ ላይ አደረግኩት። በዚህ መሃል የባጃጅ ሾፌሮች ቆሙ፤ ከኪዳን የሚመለሱ ሴቶችም ቆሙ። ሰው ሲያየኝ ጉልበት አገኘሁና ወደ ማዶ ዞሬ "ያስቀመጠው ሰው ለራሱ ያድርግለት!" ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ትብለጥ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ ነበር። መንገዱ መሃል ቆሙ። እሳቱን አዩ፤ እኔን አዩ። እጃቸውን አንድ ጊዜ ከፍ አደረጉ፤ የሆነ ነገር ሊሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አወረዱትና ወደ ቤታቸው ገቡ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዳቦው ሲቃጠል ሽታውን አውቄዋለሁ። የተቆላ ኑግ ነው። ጎጃም ተወልዶ የኑግ ሽታ የሚጠፋው አፍንጫ የለም። ለባንቺ ቀስ ብዬ "ኑግ ኑግ ይላል እኮ" አልኳት።

"መተት ሲቃጠል እንዲህ ደስ እያለ ነው የሚያታልል" አለችኝ።

እሺ አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ "ተሳስቻለሁ" ማለት ግን አሳፈረኝ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ወሬው ቀን እንኳ ሳይሞላው ሰፈሩን አዳረሰ። ቦኖ ላይ ሴቶች ጀሪካናቸውን ከእትዬ ትብለጥ ጀሪካን አጠገብ አናሰልፍም አሉ። ጥለት ያሠሩ የነበሩ ሰዎች ነጠላቸውን ሥራው ሳያልቅ ወሰዱ። አከራያቸውም ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ይልቀቁልኝ አላቸው። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሻይ በነጻ ያጠጣሁት ሰውም አለ።

ከሳምንት በኋላ ቤዛ መጣች። ፈተና ይዟት ስለከረመች ከዚያ በፊት አላየኋትም። ሻይ ብቻ አዘዘችና ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ስትፈታው ዳቦ ነው፤ በቀይ ክር ታስሯል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ገመጠችው። መሃሉ ጥቁር ነው።

"ምንድን ነው የምትበይው?" አልኳት። ድምፄ ለራሴም ጆሮ የኔ አልመሰለኝም።

"የእትዬ ትብለጥ የኑግ ዳቦ ነዋ! በጾም ግማሹ ዶርም የሚበላው ይሄንን ነው። አንቺ አልቀመስሽም እንዴ? ላንቺም እኮ አስቀምጠውልሽ ነበር።"

ነገሩን ያነሳሳችው እሷ ናት። "ሙሉ በጾም ገበያ አጣሁ እያለች ትጨነቃለች" ብላ ለእትዬ ትብለጥ ነግራቸዋለች። እሳቸውም "ትቅመሰውና ከወደደችው አሠራሩን አሳያታለሁ። እሷ ደንበኛ አላት፤ እኔ ኑጉን እቆላላታለሁ" ብለዋል። ያን ረቡዕ ወደ ኪዳን ሲያልፉ ቤቴ ዝግ ሆነባቸው። አሁን ትከፍታለች ብለው ደፉ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ፤ ስለ እሳቱ ግን ለቤዛ አላነሱላትም። ክሩ ዳቦው ተከፍቶ ኑጉ እንዳይፈስ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ተልባ ነው፤ ኑግ ጉሮሮ ስለሚይዝ ያለ ተልባ አይሰጡም።

ቤዛ ሻይዋን ሳትጨርስ ቤቱን ጥዬላት ተሻገርኩ።

እትዬ ትብለጥ ዕቃ እያሰሩ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ምንም ሳላስተርፍ ነገርኳቸው፤ የኑጉ ሽታ ገብቶኝ ዝም ማለቴን ጭምር። የሚያስሩትን ጓዝ ቋጥረው ጨረሱ።

"ባሌ ደብተራ ነው አላችሁ" አሉኝ በመጨረሻ። "ፊደል እንኳ አይለይም፤ ገበሬ ነበር። በሰኔ ጾም እርሻ ሲበዛበት በሬውን ሳይፈታ በአንድ እጁ ይዞ እንዲበላ ብዬ ነው ይህንን ዳቦ የጀመርኩት። ለሱ የሠራሁትን ነው ለአንችም የሠራሁልሽ።"

"እባክዎን ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅርታሽን ጓዳዬ ድረስ አምጥተሽ ምን ላድርገው? ያቃጠልሽው መንገድ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ሠርቼ አመጣለሁ፤ እዚያው ደጅሽ ላይ ትበይዋለሽ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በማግስቱ የባጃጅ ሾፌሮቹ ሥራ ፈተው ቆሙ። ባንቺ እጇን አጣምራ በሯን ተደገፈች። እትዬ ትብለጥ ዳቦውን በሳህን፣ ተልባውን በብርጭቆ ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሴት መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ጠዋት ግን ሁሉም እያየ፣ ከተልባው ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱልኝ። ከዳቦውም ቆርሰው በሉ። ከዚያ ለኔ ሰጡኝ።

አሁን የምናገረው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ነው። ዳቦውን ስይዘው እጄ ተንቀጠቀጠ። ባላቸው ገበሬ እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ቤዛ ስትበላው አይቻለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ሲቀምሱ አይቻለሁ። ያም ሆኖ በልቤ "እሳቸውን የማይዝ መተት እኔን ቢይዝስ?" አልኩ። እትዬ ትብለጥ ከፊቴ ላይ አነበቡት።

"አሁንም ትፈሪያለሽ" አሉኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

በላሁት። ኑጉ ጨውና ዝንጅብል ገብቶበታል። መጀመሪያ ጉሮሮ ይይዛል፤ ተልባውን ሲጎነጩበት ለስለስ ብሎ ይወርዳል። እንዲያ የሚጣፍጥ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም። ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅሜ በላሁና ሁሉም እንዲሰማ "መተት አይደለም! የኑግ ዳቦ ነው! በድያቸዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ሰዉ አጉረመረመና ተበተነ። ነገሩ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

ከሰዓት በኋላ ባንቺ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከልቧ አዝናልኛለች።

"ምነው ሙሉዬ? ስታቃጥይ ያመለጥሽውን ዛሬ በአፍሽ አስገባችው አይደል? ጾሟን ስትገድፍ አላየሽም? እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት በጠዋት ትገድፋለች?"

ነገርኳት፤ ለመንኳት፤ ተቆጣኋት። በተቆጣሁ ቁጥር ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ማታውን ሰፈሩ ሁሉ "ትብለጥ ሙሉን አፈዘዘቻት" ይል ጀመር። ለእትዬ ትብለጥ በተሟገትኩ ቁጥር መፍዘዜ ማስረጃ አገኘ። አከራያቸውም ሐሳቡን አልለወጠም።

ወሩ ሲያልቅ ጉንደ ወይን ያለችው እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ጓዛቸውን የጫንኩላቸው እኔና ቤዛ ነን። "ቤቴ ውስጥ አብረን እንሥራ፤ ግማሹ የእርስዎ ይሁን" ብዬ በመስኮቱ ለመንኳቸው።

"ሙሉ ልጄ" አሉኝ፣ "አንች አንድ ቀን ፈርተሽ በላሽው፤ አለቀልሽ። እኔ እዚህ ብቀር ውሃ ልቀዳ በወጣሁ ቁጥር ማን ማን እንደሚፈራኝ እያየሁ መኖሬ ነው።" ይቅር ብየሻለሁ አሉኝ። የኑጉን አቆላልም እዚያው፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ። ሚኒባሱ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ዘንድሮ የገና ጾም ሲገባ የኑግ ሳንዱች ከተልባ ጋር መሸጥ ጀመርኩ። በጾም እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም። የበላ ሁሉ "ይሄን ከማን ተማርሽው?" ይለኛል። ለተማሪው የእንግሊዙን ባላባት ካርታ አወራለታለሁ፤ ከዚያ በሬውን ሳይፈታ የበላውን የደብረ ወርቅ ገበሬ እጨምርበታለሁ። ሠሪዋንም በስማቸው እጠራለሁ።

ስማቸውን ሲሰማ ዳቦውን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ የሚያስቀምጥ የሰፈር ሰው አሁንም አለ። ባንቺ ራሷ "ስሟን አትጥሪ፤ ዝም ብለሽ ሽጪ፤ ምን አስጨነቀሽ?" ትለኛለች። እኔ ግን እጠራለሁ። የፈራው ሰው ከሄደ በኋላ ያልተነካውን ዳቦ አንስቼ ደጄ ላይ ቆሜ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ እበላዋለሁ። አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም። ያ ነው ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ፤ ይህን ማየት የነበረባቸው እትዬ ትብለጥ ነበሩ።