በረዶ ፍለጋ እስከ አሌክሳንድሪያ

የሰመር አውሎ ነፋስ ዛፍ ገንድሶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው ፍሪጁ ውስጥ መሞቅ ጀምሯል። ባለቤቴ በረዶ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ቀድሞታል።

«ዛሬ ሥራ ብትቀሪስ?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«የምሠራበት ሆቴል ጄነሬተር አለው። በረዶ የማገኘው እዚያ ነው» አልኩት።

የምሠራው ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ሱፐርቫይዘሬን ስጠይቃት «ስትወጪ የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ» አለችኝ።

ለብሬክ ወጥቼ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ከድሮው የበረዶ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጥኩ። በየቀኑ ባልፈውም ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። አንዲት አስጎብኚ ለቱሪስቶች ታስረዳለች። ፍሪጅ ሳይመጣ በፊት፣ ወንዙ በክረምት በረዶ ሲሆን በመጋዝ ይቆርጡታል፣ በጋሪ ያመጡታል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከምረው ጭድ ያለብሱታል። እስከ ሰመር ይቆያል። ያኔ ለሀብታሞቹ ቀዝቃዛ መጠጥና አይስክሬም ይቀርብላቸዋል።

«ጉድጓዱ ውስጥ እየወረደ የሚከምረው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

ዩኒፎርሜን አየት አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «አብዛኞቹ ባሪያዎች ነበሩ።»

እርጥብ እጃቸውን፣ ጨለማውን አሰብኩ። ከዚያ በላይ ለማሰብ አቅም አልነበረኝም። ወገቤን ይዤ ተነሳሁ፤ ያልተነኩ ክፍሎች እየጠበቁኝ ነው።

ከሥራ ስወጣ ኩለሬን፣ ቅዝቃዜ የሚይዘውን ሳጥን፣ በረዶ ሞላሁ። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ተጨናንቆ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ኩለሩ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ እየሰማሁ፣ ቀልጦ እንዳያልቅብኝ ልቤ ተሰቀለ። ቤት ስደርስ ሊፍቱም አይሠራም። በየፎቁ እያረፍኩ ተሸክሜ ወጣሁ።

«ውይ ልጄን!» አሉ እማማ በሩን ሲከፍቱ።

ግማሹ ተርፏል። በረዶው እንዳይነካው ኢንሱሊኑን በፎጣ ጠቅልለው ኩለሩ ውስጥ አስቀመጡት። የቀለጠውን ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጠው እግሬ ሥር አስጠጉትና ጫማዬን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ! እርስዎ እንዴት የእኔን እግር...»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እግርሽ ለእኔ አይደል የተንከራተተው?»

እግሬ ውሃው ውስጥ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ ከቅዝቃዜው ይሁን ከድካሙ አላውቅም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው።