የከሰል ጢም

ፒያሳ ካለው መድኃኒት ቤት የገዛሁትን ቫዝሊን ስከፍት፣ እዚሁ ሀዋሳ በልጅነቴ ያስተማሩኝ እንግሊዛዊ ትዝ አሉኝ። በአገራቸው የትያትር ተዋናይ ነበሩ። ለልምምድ ፊታችን ላይ የሚስሉልንን የከሰል ጢም በቫዝሊን ያስለቅቁልን ነበር።

አንድ ቀን የእኔን ጢም ሲጠርጉ አባቴ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

«ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው?»

«የእኔም አባት እንዲህ ብሎ ነበር» አሉት።

«ታዲያ ተዉት?»

«አልተውኩም። ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኜ ስጫወት፣ እሱ አንድ ቀን መጥቶ አላየኝም።»

ንጉሥ የሆነ ልጁን እንዴት አያይም ብዬ ገረመኝ። አባቴ እጄን ይዞ ወጣ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ፣ «መቼ ነው?» አለኝ።

«ቅዳሜ።»

ቅዳሜ መጣ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

የልጅ ልጆቼ የትምህርት ቤት ዝግጅት ሲኖራቸው፣ «እማማ ማጨብጨብ አያውቁም» እያሉ ይስቁብኛል። ቀርቼ ግን አላውቅም።