የሻረግና የሽንፋው ተማሪ

ጣሊያን ከመተማ በወጣበት ክረምት፣ ጥሎት በሄደው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስለ ንዳድ፣ ስለ ወባ በሽታ ትምህርት ተከፈተ። አስተማሪው ከገዳሪፍ የመጣው ሐኪም ሷሊህ ነበር። አማርኛው የገበያ ነው፤ "ስጥ፣ ውሰድ፣ ና" ካለ በኋላ ያልቅበታል። ተማሪዎቹ በየመንደራቸው ተመርጠው የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ፈተናውን ያለፈ የኪኒን ሳጥን ተሸክሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ የወደቀ ባዶ እጁን።

የሻረግም ከነሱው ጋር መሬት ላይ የምትቀመጥ ተማሪ ነበረች። በድንበሩ ገበያ ከዐረብ ነጋዴዎች ልጆች ጋር ስላደገች ዐረብኛ ታውቃለች፤ ነገርም ቶሎ ይገባታል። ሷሊህ ይህን አይቶ አንድ ቀን ከመካከላቸው አስነሳት። "እኔ ስጨርስ አንቺ ድገሚላቸው። ያልገባውን ይዘሽ ተቀመጭ" አላት። ደስ አላት፤ ፈራችም። ትናንት አጠገቧ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት ይሰማታል?

የፈራችው ከአዛናው መጣ። አዛናው ከሽንፋ መንደር የተላከ፣ ጺሙ የሸበተ ገበሬ ነው።

"እች ልጅ ልታስተምረኝ ነው?" አለ፣ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ የመጣሁ ከሐኪሙ ልማር ነው።"

"ሐኪሙ ያለውን ነው የምደግመው፣ ጋሼ አዛናው።"

"እሱ ራሱ ይበለኛ!"

"በዐረብኛ ይበልዎት?"

ሰዉ ሳቀ። አዛናው ፊቱን አዞረ። የሻረግም ሳቀች እንጂ ልቧ አልሳቀም። አዛናው ባለፈው ክረምት ትንሿን ልጁን በንዳድ እንደቀበረ ሰምታለች። እሱ ከወደቀ የሽንፋ ልጆች ዘንድሮም ያለ መድኃኒት ሊከርሙ ነው።

ያስቸገረው ትምህርት አንድ ነበር፤ ንዳድን የምታመጣው ከቆመ ውሃ የምትፈለፈል ትንኝ ናት የሚለው። ከደጋ የወረደ ሰው ሁሉ ንዳድ ከወንዝ የሚነሳ እየመሰለው ቤቱን ተረተር ላይ ይሠራል። ዚር የሚሉትን ትልቁን የውሃ ጋን ግን ሳይከድን ከደጁ ጥላ ሥር ያቆማል።

"እኛ ከወንዝ ርቀን ነው የምንኖር። ትንኝ ከየት ይመጣብናል?" አለ አዛናው፣ ሷሊህ በየሻረግ አስተርጓሚነት ሲጠይቀው።

"ዚሩ ውስጥ የምትወራጨውስ?" አለው ሷሊህ።

"እሷማ የውሃ ትል ናት! ውሃው እንዳልሞተ ምልክት ናት።"

የሻረግ ስታስተረጉምለት ሷሊህ ራሱን ነቀነቀ። "በፈተናው ቀን እንዲህ ካለ አላሳልፈውም" አላት።

ከትምህርት በኋላ የሻረግ ትል ያለበትን ውሃ በገንቦ ቀድታ አዛናው ፊት አስቀመጠች። ሻሿን ከራሷ ፈትታ የገንቦውን አፍ ሸፈነችው።

"እኔ አላስተምርዎትም። ይህን ብቻ ይጠብቁልኝ። ቋጠሮውንም ራስዎ ይቋጥሩት።"

አዛናው በሬ በሚያስርበት አስተሳሰር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሲተኛም ከራስጌው አያርቀውም። ጓደኞቹ "አዛናው ገንቦ አገባ" እያሉ ሲቀልዱበት ሰነበቱ።

አንድ ጧት ትምህርት ተጀምሮ ሳለ ገንቦውን ታቅፎ ገባ። ከስሱ ሻሽ ሥር ትንኞች ይርመሰመሳሉ።

"ማን አስገባቸው? ቋጠሮው እኮ የኔ ነው! አልተነካም!"

አዛናው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "እንግዲያ ከደጄ ያለው ዚር..." አለ።

የሻረግ "ብዬዎት ነበር" አላለችም። ጎኑ ተቀመጠችና፣ "ሰሊጥ መቼ ነው የሚታጨድ፣ ጋሼ?" አለችው።

"አፉን ሳይከፍት ነዋ። ከከፈተማ ፍሬው ይረግፋል፤ ማን ይለቅመዋል!"

"ይችም ክንፍ ሳታወጣ ነው የምትደፋ።"

አዛናው ትኩር ብሎ አያት። "በይ እስቲ ድገሚልኝ። ከመጀመሪያው።"

በፈተናው ቀን ሷሊህ ጠይቆ ሳይጨርስ፣ የሻረግም ሳታስተረጉም፣ አዛናው ቀደመ። "ዚሩን ሁሉ አስከድናለሁ! ትል ያየሁበትን ሜዳ ላይ እደፋዋለሁ! ሚስቴ ብትቆጣ እንኳ እደፋዋለሁ!" የኪኒኑን አሰጣጥም የትልቁን ከሕፃኑ ለይቶ አንድ በአንድ ተናገረ። ሷሊህ እየሳቀ ሳጥኑን ገፋለት።

አዛናው ሳጥኑን አቀፈና ወደ የሻረግ ዞረ። "የኔታ፣ እስቲ ትከሻዬ ላይ ያውጡልኝ።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። "ምን ያስቃችኋል? ያስተማረችኝን ነው የጠራሁ" አለ።

የሻረግ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሳጥኑን ከፍ አድርጋ አሸከመችው። አዛናው የቀኑ ዝናብ ሳይመጣ የሽንፋን መንገድ ተያያዘው። በሩ ላይ ቆማ ስታየው፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ "ውሃችሁን ክደኑ! ውሃችሁን!" እያለ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማት ነበር።