የደንገጎው ሱታ

በዚያ ዘመን ሐረር ውስጥ እንደ እንደሻው ያለ ቀርፋፋ የጭነት መኪና ሾፌር አልነበረም፤ ይህን የምለው ለማሞገስ ነው። ሌሎቹ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ነቅለው በፎሌ ሲለቁት፣ እሱ ግን አናቱ ላይ ይቆማል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ ጎማዎቹን ይደባብሳል፣ ከዚያ በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል። የከተማው መውጫ የሸዋ በር ጫኞች «ሱታ» አሉት፤ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ስሙ ተለጠፈበት፣ እሱም አልከፋውም።

የከፋው ሌላ ነገር ነው። እልፍነሽን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ቢልክ ግን አባቷ ባሻ ለገሠ፣ ጡረተኛው ወታደር፣ «ለሾፌር ድሬ ልጄን በለጋነቷ ከል አላለብሳትም» ብለው መለሷቸው።

እግዜር ሲያመጣው፣ አንድ ማለዳ ባሻ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ የአዲስ አበባውን ባቡር ለመያዝ ድሬዳዋ መውረድ ነበረባቸው። ሸዋ በር ላይ የተገኘው መኪና የእንደሻው ብቻ። ቅር እያላቸው ጋቢና ገቡ።

ደንገጎ አናት ላይ እንደ ልማዱ ወርዶ ጎማ ሲደባብስ ባሻ ሰዓታቸውን አወጡ።

«አንተ ሰው፣ ባቡሩ እኮ አይጠብቀኝም። በል ልቀቀው።»

እንደሻው ጋቢና ገባ። ባቡሩ ካመለጣቸው እልፍነሽም እንዳመለጠችው ያውቃል። እጁን ማርሹ ላይ ጭኖ አመነታ። ከዚያ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ባሻ» አለና በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ጀመረ። ባሻ ፊታቸውን አዞሩበት።

አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ክላክሱን ነፋ፣ ዳሩን ይዞ ዞረ። አንዲት ጫት ነጋዴ መንገዱ መሐል የተገተረች አህያዋን ትጎትታለች። መኪናው ረጋ ብሎ ቆመ።

ሴትየዋ ስታልፍ ባሻ፣ «መኖሯን በምን አወቅህ?» አሉት።

«አላወቅሁም። ሁልጊዜም ከኩርባው ወዲያ ሰው አለ ብዬ ነው የምነዳው።»

ድሬዳዋ ሲደርሱ ባቡሩ ሄዷል። ባሻ ሳይሰናበቱት ወረዱ፤ እንደሻውም «አበቃልኝ» እያለ ሆዱ ባብቶ ተመለሰ። ሰንበትበት ብሎ ከባሻ ዘንድ መልእክት መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።

የሠርጉ ዕለት መሪውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሙሽሪትን ጋቢና አስገብቶ ሊነሳ ሲል ሚዜዎቹ «ረፈደ፣ ንዳው!» ይሉት ጀመር። ባሻ ምርኩዛቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው፣ ወደ መስኮቱም ጠጋ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሱታ በል» አሉት። «የያዝከው ልጄን ነው።»